ታርጋ ፍለጋ አገር ያቋረጠው ሰውዬ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቨርጂኒያ፣ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ወዳለው የስሚዝሶኒያን የአቪዬሽን ሙዚየም ወሰደችኝ። ደለስ ማለት ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላናችን የሚያርፍበት ነው። የሙዚየሙ መግቢያ ነፃ ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ግን ያስከፍላል። ውስጡ ጉድ ነው! ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር አለች፣ ኮንኮርድ አለች፣ ብላክበርድ የሚባለው የስለላ አውሮፕላን አለ። ሰው ሁሉ እነሱ ጋ ይጋፋል። እኔን ያስቆመችኝ ግን አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከጎረቤቶቿ አንጻር አሻንጉሊት የምትመስል አውሮፕላን ናት። "ሊትል ጂ ቢ" ይሏታል። ፋብሪካ አልሠራትም። ሰው በእጁ የሠራት ናት።

ታሪኳ እንዲህ ነው። አሜሪካ እስከ 1926 ድረስ አገር አቀፍ የአቪዬሽን ሕግ አልነበራትም። የፈለገ ሰው ጓሮው ውስጥ እንጨትና ሸራ አገጣጥሞ ይነሳል፤ ከቀናው ይበራል፣ ካልቀናው ይሰበራል። በ1926 የወጣው ሕግ አውሮፕላን ይመዝገብ፣ ይመርመር አለ። ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው እየሞተ ነበርና። ችግሩ ሕጉ የታሰበው ለፋብሪካና ለንግድ በረራ ነው። በቤቱ የሠራው ሰው በየትኛው መደብ ይግባ? መደብ የለውም። ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶችም የፌዴራሉን ወረቀት ካላመጣህ አትበርም ማለት ጀመሩ። ኦሪጎን ግን በራሷ ሕግ ስለፈቀደች፣ እጃቸው የማያርፍ ሰዎች እዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከነሱ አንዱ ጆርጅ ቦጋርደስ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ቦጋርደስ በዚህችው ትንሽ አውሮፕላን ከኦሪጎን ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ በረረ። በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሄደው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናትን ለማነጋገር ነው። አስቡት፤ ደብዳቤ መላክ ይችል ነበር። እሱ ግን ማስረጃውን ራሱን አብርሮ ይዞላቸው ሄደ። "በቤት የተሠራ አውሮፕላን አይታመንም" ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምን መልስ አለ?

እኔን በጣም የገረመኝ ጥያቄው ነው። "ሕጉ ይቅርልን" አላለም። "በሕጉ ውስጥ ቦታ ስጡን" ነው ያለው። ቦታውም ተሰጠ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቤት ለሚሠሩ አውሮፕላኖች የራሳቸው መደብ በሕግ ጸደቀ። በ1953 ደግሞ ፖል ፖበረዝኒ የሚባል ሰው ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ የሠሪዎቹን ማኅበር መሠረተ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በቤቱ የሠራ ሰው ታርጋ የሚያወጣው እንዲህ ነው። ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ የባለቤትነት ማረጋገጫውን ያስገባና በኤን ፊደል የሚጀምር ቁጥር ያገኛል። ከዚያ አብዛኛውን ሥራ፣ በተለምዶ 51 በመቶ የሚሉትን፣ ለግል ጥቅሙ የለፉ አማተሮች እንደሠሩት ያስረዳል። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ እያነሱ በመዝገብ የሚይዙት። መርማሪ መጥቶ ያያል። አውሮፕላኑ መግቢያ ላይ "የሙከራ" የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይለጠፋል፤ ተሳፋሪ ምን ውስጥ እየገባ እንደሆነ እንዲያውቅ። የመጀመሪያዎቹ በረራዎች፣ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት፣ ከሰው መኖሪያ ራቅ ባለ በተወሰነ ክልል ውስጥ ናቸው። በኪራይ ሰው ማጓጓዝ ክልክል ነው።

ሁለት ነገር ግን ልቤን ነካው። አንደኛ፣ በመዝገቡ ላይ "አምራች" በሚለው ቦታ ቦይንግ ወይም ሴስና አይጻፍም፤ የሠሪው የራሱ ስም ይገባል። ሁለተኛ፣ ሕጉ ሠሪዎቹን ሲገልጽ ሥራውን የጀመሩት ለራሳቸው ትምህርት ወይም መዝናኛ ብቻ መሆን አለበት ይላል። ለትምህርት! ዕድሜ ልኬን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለቆምኩ ሰው ይቺ ቃል ቀላል አይደለችም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ከእንጨት የጠረበውን የአውሮፕላን ፕሮፔለር በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሁለቱ ክንፎች እኩል ይመዝኑ እንደሆነ እንዳይለት ነበር የፈለገው። እኔ ግን "ይሄን ጨዋታ ትተህ ማትሪክህን አጥና" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ፌስታሉን አጣጥፎ ወጣ፤ ሁለተኛ ምንም አላሳየኝም።

ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ገመድና አንድ ሚስማር ቢኖር ሚዛኑን በ5 ደቂቃ ማየት እንችል ነበር።

ጎበዝ፣ አገራችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። "ፀሐይ" በ1935 አቃቂ ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት፣ በ2024 ነው የተመለሰችልን። ከ10 ዓመት በፊትም አስመላሽ ዘፈሩ በእጁ የሠራትን አውሮፕላን በእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል መሰየሙን ሰምተን ተደንቀናል። የሚሠራ እጅ አልጠፋም። የሚጎድለው መጀመሪያ "እስቲ አምጣው፣ እንየው" የሚል ሰው፣ ቀጥሎም "በዚህ መደብ ተመዝገብ" የሚል ወረቀት ነው። ወረቀቱ የኔ ሥልጣን አይደለም። የመጀመሪያው ግን በእጄ ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ያን ቀን ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ካገኛችሁት መምህሩ ይቅርታ ጠይቆሃል በሉት። ፕሮፔለሩ ካለም፣ አሁንም ማየት እፈልጋለሁ።