ከግንቡ የወጣ ሰው፦ በሴሜይን ጉዳይ ስለተዘነጋ አንድ ገደብ

የታጠቀ የቤት ባለቤት በደጁ የሚያልፍን ሰልፈኛ ሊጋፈጥ ይገባዋል ወይ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር፣ የሰው ቤቱ ግንቡ ነው የሚለው የእንግሊዝ ሕግ ብሂል ይጠቀሳል። ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ መብት ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አልደግመውም። ሙግቴ የእንግሊዝን ሕግ በሐተታ ካብራራው ከዊልያም ብላክስቶን ጋር ነው።

ብላክስቶን በ1769 (ዘመኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በታተመው የሐተታው አራተኛ ቅጽ ብሂሉን የሚያነሳው በመኖሪያ ቤት ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች ሲጽፍ ነው። ሰው ቤቱን ለመከላከል፣ ቢያንስ ከ11 እስካልበለጡ ድረስ፣ ሰዎችን ሊሰበስብ ይችላል ይላል። በሌላ ሁኔታ እንደማይፈቀድለት ግን በአንዲት ሐረግ ጠቅሶ ያልፋል። አንባቢም ግንቡን ይዞ ገደቡን ይጥላል።

የተዘነጋው ምንጭ ብሂሉ የታወቀበት የ1604ቱ የሴሜይን ጉዳይ ራሱ ነው። ሴሜይን የሟች ባለዕዳውን ንብረት በፍርድ ለማስያዝ ሹም ቢያስልክ፣ ከሟቹ ጋር የቤቱ የጋራ ባለይዞታ የነበረው ግሬሻም በሩን ዘጋ፤ ተከሶም ረታ። ፍርዱን የዘገበው ኤድዋርድ ኮክ ከብሂሉ ጋር አንድ ልዩነት አስፍሯል፦ ሰው ወዳጅ ጎረቤቱን ሰብስቦ ቤቱን ከጥቃት መከላከል ይችላል፤ ገበያ ወይም ሌላ ቦታ ሲሄድ ግን እንዲያጅቡት ሊሰበስባቸው አይችልም። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ቤት ለሰው እጅግ አስተማማኙ መሸሸጊያ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ሕጉ የጠበቀው መሸሸጊያነቱን ነው። ቤቱ የገባ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚሸሽበት የለውም። ወደሚያልፍ ሕዝብ የሚወጣ ግን ምክንያቱን ደጃፉ ላይ ጥሎት ይወጣል።

ሰኔ 28 ቀን 2020 በሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ የሆነው ይኸው ነው። ሰልፈኞቹ ያመሩት ወደ ከንቲባ ላይዳ ክሩሰን ቤት ነበር፤ ለፖሊስ የሚመደበው በጀት እንዲነሳ የጠየቁ ሰዎችን ስምና አድራሻ በቀጥታ ስርጭት አንብባ ነበርና። መንገዳቸው ፖርትላንድ ፕሌስ በተባለ የግል ጎዳና አለፈ። የጎዳናው ነዋሪ ማርክ ማክሎስኪ ጠመንጃ፣ ባለቤቱ ፓትሪሺያ ሽጉጥ ይዘው ወጡ። ጥይት አልተተኮሰም፤ ሰልፉም አልተመለሰም። በ2021 ሁለቱም በቀላል ወንጀል ጥፋተኝነታቸውን አምነው እርሱ 750፣ እርሷ 2,000 ዶላር ተቀጡ። ብዙም ሳይቆይ አገረ ገዥው ማይክ ፓርሰን ምሕረት አደረጉላቸው።

ጎዳናው የግል ነው፣ ሰልፈኞቹም ያለፈቃድ ገብተዋል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። የሚዙሪ ራስን የመከላከል ሕግ ከቤት አልፎ የግል ይዞታን እንደሚያካትት እውነት ነው። ሆኖም ሕጉ ሕገወጥ ኃይል ሊሰነዘርብኝ ነው የሚል ምክንያታዊ እምነትን ይጠይቃል፤ ያለፈቃድ ማለፍ ብቻውን ጥቃት አይደለም። ምሕረቱም ማስረጃ አይሆንም፤ ምሕረት ቅጣትን ያነሳል እንጂ መብት አይሰጥም።

እርግጥ ከአንድ የቆየ ዘገባ የዛሬን ሕግ ሙሉ በሙሉ መቅዳት አይቻልም። ይህን ካልኩ በኋላ፣ ግንቡን የሚጠቅስ ሁሉ ግሬሻምንም ይጥቀስ እላለሁ፦ ያ ሰው የረታው በሩን ዘግቶ ነው።