የሰባራ ድልድይ ኖራ

በልጅነቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአሮጌና ጠንካራ ግንብ ነገር በተነሣ ቁጥር ትልልቆቹ «የፖርቱጋል ሥራ ነው» ብለው ወሬውን ይዘጉት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቢሆን፣ ድልድይ ቢሆን፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ግንብ ሁሉ አባቱ ፖርቱጋል ነው። እኔም ይህንኑ ይዤ አደግሁ። ጥቂት ታሪክ ማገላበጥ ስጀምር ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሞጣ ተነሥቼ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የወረድሁት ይኸው ጥያቄ ገፋፍቶኝ ነው። የሄድሁበት ስፍራ ሰባራ ድልድይ ይባላል።

ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ የተቆረጠው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች ሰበሩት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በገመድ እየታሰረ፣ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ጎረምሶች እየጎተቱት ገደሉን ሲሻገር ኖሯል።

ከግንቡ ጥላ ሥር አረፍ ያሉ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «አባቴ፣ ይህን ማን ሠራው?» አልኋቸው።

«ፖርቱጋል ነዋ ልጄ!»

«ድንጋዩንስ ማን ተሸከመው? ኖራውን ማን አቦካው?»

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «እሱማ የእኛው አባቶች ናቸዋ! ፖርቱጋል ድንጋይ ይሸከማል እንዴ?»

የሽማግሌው ሁለተኛ መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ያሻል። በዚህ ጽሑፍ የሰፈሩት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጎጃም ሳይሆን ከሕንድ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋሎች የምሥራቅ ግዛታቸውን የሚያስተዳድሩት በሕንድ ጠረፍ ካለችው ከጎዋ ከተማ ነበር። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት በ1557 ወደ አገራችን የገቡት ከዚያው ተልከው ነው። ከመካከላቸው ስሙ የገነነው እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝም በ1589 ከጎዋ ተነሣ፤ በመንገድ ተማርኮ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ፤ ተፈትቶ ወደ ጎዋ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ሞክሮ በ1603 ምጽዋ ደረሰ። ፓኤዝ አማርኛና ግዕዝ ተማረ። ለአፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት ሲሠራ፣ መሮና መዶሻ እንዴት እንደሚበጅ ለሠራተኞቹ ራሱ ያሳይ እንደነበር ተጽፏል። በ1618 ከንጉሡ ጋር ሰከላ ድረስ ወርዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቷል። በዚያን ጊዜ የጎጃም ገዥ የነበረው የንጉሡ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስ የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉት መኳንንት ግንባር ቀደሙ ስለነበር፣ የሚሲዮናውያኑ እግር በጎጃም ጠንክሮ ተተከለ።

በ1620ዎቹ መባቻ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። ከሕንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ አወጣ። ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ ሲደርቅ ድንጋይን ከድንጋይ አጣብቆ ይይዛል። ጭቃ የዓባይን ክረምት አይችልም፤ ኖራ ግን ይችላል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ በሱስንዮስ ዘመን ተሠርቶ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። እዚያው ጎጃም ውስጥ፣ ቀድሞ ንግሥት እሌኒ ባሠራችው በመርጡለ ማርያም፣ ጣሊያናዊው ካህን ብሩኖ ብሩኒ ግሩም የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አነጸ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ብንሠራው ስሙ «ልማት» ይባል ነበር። እንከኑ ከኖራው ጋር አብሮ በመጣው ግዴታ ላይ ነው።

ኖራ ሃይማኖት የለውም። የሰጪው እጅ ግን ነበረው። ስለ ቅዳሜ ሰንበት አዋጅ ሲወጣ የዳሞት ሕዝብና መነኮሳት ተነሡ፤ ስዕለ ክርስቶስም በጦር መታቸው። ፓኤዝ በ1622 ሞተና በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። በትዕግሥት የተያዘው ነገር ያን ጊዜ በትእዛዝ ሆነ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና ይካን፣ ታቦቱ ይውጣ፣ በዓላቱ በሮም አቆጣጠር ይሁኑ ተባለ። በ1632 በወይና ደጋ ከላስታ ዓማፅያን ጋር በተደረገው ጦርነት ወደ 8,000 ሰው እንደወደቀ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ አብዛኛውም ገበሬ ነበር። በዚያው ዓመት ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ።

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አልነበረም። በዚያው በሕንድ፣ በኬረላ፣ ከጥንት ጀምሮ በቅዱስ ቶማስ ስም የሚጠሩ ክርስቲያኖች ነበሩ። የጎዋው ሊቀ ጳጳስ በ1599 በዲያምፐር ጉባኤ ሰብስቦ ሥርዓታቸውንና መጻሕፍታቸውን እንደ ሮም እንዲያርሙ አስገደዳቸው። በ1653 እነርሱም በማታንቸሪ ተሰብስበው ለኢየሱሳውያኑ ላይገዙ ማሉ። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ መስቀሉን መንካት ያልቻለው ከመስቀሉ ጋር የታሰረ ገመድ ይዞ ማለ ይባላል። ወይና ደጋና ማታንቸሪ አይተዋወቁም፤ ሕመማቸው ግን አንድ ነው።

አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን በ1633 ወደ ፍሬሞና አራቃቸው፣ በቀጣዩ ዓመትም ከአገር አስወጣቸው። ልብ በሉ፤ ሰባኪዎቹን አባረረ እንጂ ኖራውን አላባረረም። የጎንደር ግንቦች በኖራ ቆሙ። ሰባራ ድልድይም የተሠራው በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው፤ ከሚሲዮናውያኑ መባረር በኋላ፣ በ1660 ገደማ። ስለዚህ ያ ግንብ «የፖርቱጋል» አይደለም። ዕውቀቱ በባሕር መጥቷል፤ ድልድዩ ግን መምህሩ ከሄደ በኋላ ሥራው በእጁ የቀረለት ሕዝብ ነው። የመርጡለ ማርያምም ነገር ይህንኑ ይመስላል። የሮም ሥርዓት ከቦታው ሲወገድ ደብሩ በቀደመው እምነቱ ቀጠለ፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1842 ደርሶ የፍርስራሹን የድንጋይ ቅርጽ አድንቆ ጽፏል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ባለችበት አልቆመችም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ ሊገደድ እንደማይገባው አወጀ። በ1984ቱ ረሃብ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤትና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ተራድኦ ድርጅቶች ጋር ተባብረው እህል አከፋፍለዋል። በ2015 ደግሞ ባሕር ዳርንና ደሴን የሚያጠቃልል ሀገረ ስብከት ተቋቁሟል። የዛሬውን ሥራ በ17ኛው መቶ ዘመን ኃጢአት መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው። የጥንቱን መዘንጋትም ሞኝነት ነው።

በሰባራ ድልድይ የገመዱ ዘመን እንዴት እንዳበቃ ልንገራችሁ። አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2002 ቁራጩን በብረት ገጠመው። በ2005 ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። በ2009 ከውሃው ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ መሻገሪያ ተሠራ። ሃይማኖት የጠየቀ የለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ስሻገርበት ሌላ ነገር አሰብሁ። ይህ ሽቦ ሲላላ ማን ያጠብቀዋል? የፋሲል ዘመን ሠራተኛ ቢጠየቅ «እኔ» ይል ነበር።

ወደ ከተማ ስመለስ ዘመዶቼ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። «ታዲያ የፖርቱጋል አይደለም?» አሉኝ። ትምህርቱ የእነርሱ፣ ድልድዩ የእኛ ነው አልኋቸው። ለሁለቱም የየድርሻቸውን መስጠት አይከብድም፤ የሚከብደው ሦስት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ዓባይን የቻለ ግንብ አቁሞ «የሰው ነው» ማለት ነው።