ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚኖር የግብረ ሥጋ ግንኙነትና የመረጃ ምንጮቹ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው በምርመራ ተረጋግጧል። በኢትዮጵያም በሴቶች ላይ ከሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ነው። ሕክምናቸውን አጠናቀው ወደ ሥራቸውና ወደ ትዳራቸው የሚመለሱ ሴቶች ግን ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚያማክሩት ሰው ሲያጡ ይስተዋላል። ታካሚዋ ጥያቄውን ማንሳት ያሳፍራታል፤ ወረፋ የሚያጨናንቀው ሐኪምም ሳይጠይቃት ያልፋል።

ለውጡ በባልና ሚስት መካከል የፍቅር መቀዝቀዝ ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል። መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ነው። ኬሞቴራፒ ወጣት ሴቶችን ሳይቀር ያለ ጊዜያቸው ለማረጥ ሊዳርግ ይችላል። ከዚያም ለ5 ዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት የሚወሰዱት ሆርሞን ነክ መድኃኒቶች፣ በተለይም አናስትሮዞልና ሌትሮዞል፣ የብልት ድርቀትንና በግንኙነት ወቅት ሕመምን ያስከትላሉ። በዚህ ሳቢያ መድኃኒቱን ለሐኪም ሳይነግሩ የሚያቋርጡ አሉ። ይህም በሽታው እንዲያገረሽ በር የሚከፍት በመሆኑ ጉዳዩ የኀፍረት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለድርቀቱ በቅድሚያ የሚመከረው ሆርሞን የሌለው፣ ከውኃ ወይም ከሲሊኮን የተዘጋጀ ማለስለሻ ነው። ቫዝሊንና ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ስለሚጎዱ ከእርሱ ጋር አብረው አይሄዱም። ኢስትሮጅን ያለበት ቅባት ያለ ካንሰር ሐኪም ፈቃድ መጠቀም አይገባም። በአገራችን በስፋት የተለመደው የመርፌ የወሊድ መከላከያም ሆርሞን ያለበት በመሆኑ በሽታው ለነበረባት ሴት አይመከርም፤ ኮንዶም ወይም የመዳብ ሉፕ የተሻለ ነው። የወር አበባ መቅረቱ ብቻውን እርግዝና እንደማይከሰት ማረጋገጫ አይሆንም።

ባሎችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ካንሰር በግንኙነት አይተላለፍም፤ ግንኙነቱም በሽታውን አይቀሰቅስም።

የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር እንዲሁም በብሪታኒያ የሚገኙት ማክሚላንና ብሬስት ካንሰር ናው በዚሁ ርዕስ ላይ በነፃ የሚነበቡ ጽሑፎችን በድረ ገጾቻቸው አቅርበዋል። ጽሑፎቹ በዋናነት በእንግሊዝኛ መዘጋጀታቸው ለብዙዎች እንቅፋት ስለሆነ የሚያነብ የቤተሰብ አባል ቢያግዝ መልካም ነው። በአገር ውስጥ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለካንሰር ሕሙማን ድጋፍ ይሰጣል። በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ቅባትና ሥራ ሥር እየሸጡ ምክር የሚሰጡትን ግን ከመረጃ ምንጭ መቁጠር አያስፈልግም።

ወደ ሐኪም ሲኬድ የሚወሰደውን መድኃኒት ስም፣ ችግሩ የጀመረበትን ጊዜና የወሊድ መከላከያውን ዓይነት በወረቀት ጽፎ መያዝ አጭሩን የምክር ጊዜ በአግባቡ ለመጠቀም ያስችላል። በወንድ ሐኪም ፊት ለመናገር የምትቸገር ታካሚም ሴት ባለሙያ እንድታነጋግራት መጠየቅ ትችላለች።