የታቲያና ግንብ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ነብር ነው። ስሟ ታቲያና ይባላል። ዘሯ የሳይቤሪያ ይሁን እንጂ የተወለደችው አሜሪካ ውስጥ፣ ዴንቨር ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ነው፤ ጫካ የሚባለውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ቶኒ ለሚባል ወንድ ነብር ተድራ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ወዳለ ሌላ ማቆያ ገባች። ተድራ ማለቴ ለወግ ያህል ነው እንጂ ፈቃዷን የጠየቃት የለም።

በዓመቱ የመጀመሪያው ጣጣ መጣ። ዲሴምበር 22 ቀን 2006፣ ጎብኚው ተሰብስቦ አውሬዎቹ ሥጋ ሲበሉ በሚያይበት ሰዓት፣ ታቲያና መዳፏን በብረቱ ሥር አሾልካ የምታበላትን ሠራተኛ ክንድ ያዘች። ሴትዮዋ ነፍሷ ተረፈ፤ ክንዷ ግን ክፉኛ ተጎዳ። የካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ጉዳዩን መረመሩና ጥፋተኛው ማቆያው ነው ብለው 18,000 ዶላር ቀጡት። ታቲያና ደግሞ ነብር የሚሠራውን ነው የሠራችው ተብላ በሕይወት ቀረች። የማብሊያው ክፍል ታደሰ። የውጭው ግንብ ግን እንደነበረ ቆየ።

እስቲ ይህን ግንብ ጠጋ ብለን እንየው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ነብሯ ከወዲያ፣ ጎብኚው ከወዲህ፤ በመካከላቸው ውኃ የሌለበት ጥልቅ ቦይ። በጎብኚው በኩል ከቦዩ ወለል ቀጥ ብሎ የሚወጣ የሲሚንቶ ግንብ፤ ከግንቡ አናት ወዲህ ደግሞ ወገብ የሚደርስ የብረት መደገፊያ። መስታወት የለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለ። ሰውና ነብር የሚለያዩት በዚያ ግንብ ቁመት ብቻ ነበር።

የመከራው ቀን ዲሴምበር 25 ቀን 2007፣ የፈረንጆቹ ገና ነበር። የማቆያው በር የሚዘጋው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ ነበር። ጎብኚው ወደየቤቱ ሲበታተን ሦስት ወጣቶች ነብሯ ዘንድ ቀርተዋል። 11 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ታቲያና ከቦዩ ተስፈንጥራ፣ ግንቡን ቧጥጣ ወጣች። አንደኛውን ያዘችው። ጓደኞቹ እንድትለቀው ጮኹባት። ለቀቀችውና ከጓደኞቹ ወደ አንዱ ዞረች። ያ ልጅ ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ እዚያው ሞተ። የቀሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንደኛው ደሙ እየፈሰሰ ግቢው ውስጥ ወዳለው ካፌ ሮጡ። ካፌው ተዘግቷል። ነብሯም ተከትላቸው መጣች። ፖሊሶች ሲደርሱ ከአንደኛው ጋር አገኟት፤ ወደ እነሱ ስትዞር ተኩሰው ገደሏት።

ከዚያ በኋላ ከተማው በአንድ ጥያቄ ተወጠረ፤ “ማን ነካት?” ልጆቹ ጠጥተው ነበር። መደገፊያው ላይ ቆመው እንደጮኹባትና እጃቸውን እንዳወናጨፉባት ከተረፉት አንዱ መናገሩም በፖሊስ ሰነድ ሰፍሯል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ያለቀ መሰለው፤ የእጃቸውን አገኙ አለ።

ግን ሜትር የሚባል ነገር አለ። ማቆያው መጀመሪያ የግንቡ ቁመት 18 ጫማ፣ ማለትም አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው ብሎ ነበር። ሲለካ 3 ሜትር ከ80 ሆነ! የአሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች ማኅበር ለነብር የሚመክረው 5 ሜትር ነበር። አንድ ሜትር ከ20 ጎደለ ማለት ነው። የማኅበሩ መርማሪዎችም ከዚያ በፊት ግቢውን አይተው ሲያልፉ በግንቡ ላይ ቅሬታ አላነሡም።

እንግዲህ ፍረዱ። አውሬ መተንኮስ ነውር ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ግንብ የሚሠራው ለማን ነው? ለጨዋ ጎብኚማ ገመድ ይበቃው ነበር። ግንብ የሚቆመው ለሰካራሙ፣ ለሚጮኸው ጎረምሳ፣ ከእናቱ እጅ ለሚያመልጠው ሕፃን ነው። “ልጆቹ ተነኮሷት” የሚል ሁሉ ሳያውቀው ነብሯ በተናደደች ጊዜ መውጣት ትችል እንደነበር እየመሰከረ ነው። ያስቆጣት ትንኮሳ ሊሆን ይችላል፤ መውጫ የሰጣት ግን አጭሩ ግንብ ነው።

በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2071፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ድንገት ቢያመልጠው እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ግን የባለቤቱ ዕዳ ሊቀልለት ይችላል። ሕጉ ጥፋቱን በሰዎች መካከል ያካፍላል እንጂ ለእንስሳው ድርሻ አይሰጥም። ታቲያና ግን ድርሻ ሳይኖራት በነፍሷ ከፈለች።

የቀረው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ግንቡ ወደ 5 ሜትር ከ80 ከፍ አለ፤ መስታወትና የኤሌክትሪክ ሽቦም ተጨመረበት። የማቆያው ዋና ኃላፊ በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። በ2009 ደግሞ ለሁለቱ ወንድማማቾች 900,000 ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደረሰ። ከመቃብሩ በፊት ግንቡን መለካት ግን አንድ መለኪያ ሜትርና ሁለት ሰው ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ስለዚህ ልጆቻችንን ይዘን አውሬ ልናሳይ ስንሄድ እንምከራቸው፤ ድንጋይ አትወርውሩ፣ አትጩኹ፣ ብረቱ ላይ አትውጡ እንበላቸው። ይህ የእኛ ፋንታ ነው። አውሬ ዘግቶ በገንዘብ የሚያሳይ ግን ምክራችንን የማይሰማ ልጅ አንድ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆ ይገንባ። ጥፋት በደረሰም ጊዜ ጥያቄው መጀመሪያ ቁልፍ የያዘው ዘንድ ይሂድ፤ ቲኬት የያዘው ቀጥሎ ይጠየቃል።