ስኮርታና ክሪክ

ባለፈው ዓመት የበኩር ልጄ አንድ ያገለገለ ፎርዊል መኪና ገዛ። እኛ በምንኖርበት በኮሎራዶ የሱ እድሜ ወጣቶች አስፋልቱን ትተው የሮኪ ተራሮችን የድንጋይ መንገድና የጎረቤት ዩታን ቀይ በረሃ መንዳት ይወዳሉ። የመጀመሪያ ጉዞው ሲቃረብ «አባዬ፣ ምን ዓይነት ስፔር፣ ምን ዓይነት ጃክ ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። «ስኮርታና ክሪክ ማለትህ ነው?» አልሁት። ቃላቱን ሰምቶ ሳቀ። እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት በጭቃ ውስጥ ያሳለፍኋት አንዲት ሌሊት ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ፤ ወዲያውም ልመልስለት አልቻልሁም። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ከቃላቱ ልጀምር። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ቡሎን፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። «ስኮርታ» በኢጣልያንኛ አጃቢ ማለት ነው፤ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ስንቅም ማለት ነው። ተለዋጩን ጎማ «የስኮርታ ጎማ» ብለው የሚጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው። «ክሪክ» የሚለውን ስምም ከእነርሱው አገኘነው። ወራሪው ጦር እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በአገራችን በቆየባቸው አምስት ዓመታት መድፍና መርዝ ብቻ ሳይሆን ካሚዮንና የካሚዮን ቋንቋም ይዞ መጥቷል። ወራሪው በአርበኞቻችን ትግልና በአጋሮቻቸው ጦር ድል ሆኖ ሲወጣ፣ ከኢጣልያን መካኒኮች አንዳንዶቹ በየጋራዡ ቀሩ፤ ቃላቱም ከጋራዡ ወደ ገጠሩ መንገድ ወጡ።

ተለዋጭ ጎማ ግን ከመኪና ጋር አብሮ የተፈጠረ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ስኮርታ አልነበራቸውም። ጎማ ሲተነፍስ ነጂው ከመንገድ ዳር ተንበርክኮ ጎማውን በብረት ፈልቅቆ ያወጣል፤ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ በእጅ ፓምፕ እያላበው ይነፋል። እ.ኤ.አ. በ1904 በዌልስ፣ ላኔሊ በተባለችው ከተማ፣ ቶማስና ዋልተር ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ለዚህ መከራ መላ ፈጠሩ። የሠሩት አየር የተሞላ ጎማ የለበሰ፣ ራጂ የሌለው ቸርኬ ነበር። የተነፈሰውን ጎማ ሳይነቅሉ ይህን ከጎኑ በመቆንጠጫ ያስሩታል፤ መኪናውም እስከ ጠጋኙ ድረስ ይሄዳል። ሱቃቸው ስቴፕኒ በተባለ ጎዳና ላይ ስለነበር ዕቃው ስቴፕኒ ተባለ። ሕንዶች ዛሬም ተለዋጩን ጎማ በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ የብራዚሎችም «ኢስቴፒ» ከዚያው የመጣ ነው። እንግዲህ በአንድ አገር የስኮርታ ስም ውስጥ የዚያ አገር የመንገድ ታሪክ ይነበባል። ሕንድ የእንግሊዝን ቃል ወረሰች፤ እኛ የኢጣልያን።

የክሪክ ታሪክ ከመኪና ይቀድማል። ሪቻርድ ዳጅን የተባለ የኒው ዮርክ መካኒክ በፈሳሽ ግፊት ለሚሠራ ተሸካሚ ክሪክ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ዛሬ ከሾፌር ወንበር ሥር የምናገኘው ጠርሙስ መሰሉ ክሪክ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ከ1905 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ገበሬዎች እጅ ሌላ ዓይነት ክሪክ ታየ፤ ባለ ቀዳዳ ረጅም የብረት ዘንግ ላይ ጥርስ በጥርስ የሚወጣው ሃይሊፍት። የአጥር ቋሚ ይነቅላል፣ ጋሪ ያነሣል፤ በኋላም የበረሃ ነጂዎች ወዳጅ ሆነ።

በአገራችን እነዚህን ዕቃዎች ጠንቅቆ የሚያውቀው ረዳቱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ መንገዶቻችንን የሞላውን ፊያት ካሚዮን፣ በተለይም «ኤን ትሬ» የምንለውን፣ የምታስታውሱ ሁሉ ረዳቱንም ታስታውሳላችሁ። ካሚዮኑ ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚጥለው፣ ቡሎን የሚፈታው፣ ከክሪኩ ጋር ጭቃ ውስጥ የሚተኛው እሱ ነው። ማንም መጥቶ እንደማይረዳው ስለሚያውቅ፣ ከመነሻው ጎማውን በእግሩ እየመታ፣ ቡሎኑን በእጁ እየነካ ያረጋግጥ ነበር። ይህን ትምህርት እኔ አላገኘሁትም።

እኔ ሕክምናን የተማርሁት በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ነው። ተመልሼ በ1988 ዓ.ም. በጎጃም አንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ስመደብ፣ ስለ ማሕፀን መቀደድ በላቲን መናገር እችል ነበር፤ ጎማ ግን ለውጬ አላውቅም። ከጤና ጣቢያው ጋር አንዲት ላንድክሩዘር ተረከብሁ። በርክክብ ቅጹ ላይ «ስኮርታ፦ አለ፤ ክሪክ፦ አለ» የሚል ተጽፎ ነበር። ፈረምሁ።

በነሐሴ፣ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ቀን ያማጠች አንዲት ወጣት በቃሬዛ መጣች። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ነበርና ሰባ ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ሆስፒታል ይዘናት ተነሣን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የኋላው ጎማ በሹል ድንጋይ ተቀደደ። ሾፌሩ ክሪኩን አውጥቶ ከሥር አስገባ። ክሪኩ ጠፋ! መኪናዋ ሳትነሣ እሱ ወደ ዋልካው ሰመጠ። ድንጋይ ብናደርግበት ድንጋዩም ሰመጠ። የመብራታችንን ብርሃን አይተው የመጡ ገበሬዎች ነገሩን ሲረዱ፣ አንድ አዛውንት ወደ ቤታቸው ሮጠው የበራቸውን ሳንቃ ነቅለው አመጡ። ክሪኩ ሳንቃው ላይ ቆመ፤ መኪናዋም ተነሣች።

ስኮርታው ታሰረ። ሃያ ደቂቃ እንደሄድን እሱም ፈነዳ። በባትሪ ብርሃን ሳየው ጎኑ ሁሉ እንደ ክረምት እግር ተሰነጣጥቋል፤ ዓመታት ከመኪናው ሥር ተንጠልጥሎ በፀሐይና በጭቃ አርጅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረውን መንገድ ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ሆስፒታል የደረስነው ነግቶ ነው። ማሕፀኗ ተቀዶ ነበር። ሕፃኑ ሞተ፤ እሷ ማሕፀኗ ወጥቶ በሕይወት ተረፈች። ስትነቃ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ሌላ ልጅ ትወልድ እንደሆን።

ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶችን የሚገድሉትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸው ነበር፤ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ሁለተኛው መዘግየት በመጽሐፍ ሲነበብ የርቀትና የመንገድ ጉዳይ ይመስላል። እኔ የማውቀው ሁለተኛ መዘግየት ግን ፊርማ ነበረው፤ ፊርማውም የኔ ነው። በዚያ ቅጽ ላይ «አለ» የሚለው ቃል ውሸት አልነበረም። ስኮርታውም ክሪኩም ነበሩ። የሚሠሩ መሆናቸውን ግን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለካ ይህን ነው።

አሁን በምንኖርበት ዓለም ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ፋብሪካዎች ክብደትና ወጪ ለመቀነስ ሲሉ በመኪናው ኮሮጆ የሚያኖሩት ስኮርታ ቀጭንና ጊዜያዊ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች እሱም ቀርቶ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ተተክቷል። ስልክ ከተደወለ ጎታች መኪና ይመጣል ተብሎ ነው። ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ግን የተቀደደን የጎማ ጎን ያ ፈሳሽ አይደፍነውም።

ስለዚህ ለልጄ የመከርሁት ይህን ነው። ስኮርታው ከአራቱ ጎማዎች ጋር በመጠንም በዓይነትም እኩል ይሁን፤ ዙሩ ከተለየ በአራቱም ጎማ ሲስብ ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። የቸርኬው የቡሎን ቀዳዳዎች በትክክል መግጠማቸውን በእጅህ አስረህ እይ። በአሜሪካ በሚሸጥ ጎማ ጎን ላይ የታተመውን መለያ ፈልግ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3517 ቢል በ2017 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃልና አዲስ መስሎህ አትታለል። ነፋሱን ከአራቱ ጋር አብረህ ለካ። ከመኪናው ሥር የተንጠለጠለ ከሆነ ማውረጃው አለመዛጉን ፈትሽ። መንገዱ ሩቅና ሰው አልባ ከሆነ ሁለት ስኮርታ ያዝ።

ክሪኩ የተጫነውን መኪና ክብደት የሚችል፣ ከፍታውም ጎማውን ከመሬት የሚያላቅቅ ይሁን። ጎማህን በትልቅ ከለወጥህ ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ አይደርስም። ጠርሙስ መሰሉ ጠንካራ ነው፤ ግን በለስላሳ መሬት ይሰምጣል። ሃይሊፍት ከፍ ያደርጋል፤ ግን መኪናውን በቀላሉ ያንሸራትታል፣ እጀታውም ተመልሶ መንጋጋ ይሰብራል፤ ፕላስቲክ መከላከያ ላለው መኪናም መያዣ ቦታ የለውም። የቱንም ብትመርጥ ወፍራም ሳንቃ አብረህ ያዝ። የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ታኮ ጣል፣ ቡሎኑን መኪናው መሬት ላይ ሳለ አላላ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን ገላህን አታስገባ።

ሁሉንም ገዛ። መክፈሉን እንደጨረሰ ወደ መንገድ ሊወጣ ሲል ከለከልሁት። በግቢያችን ጠጠር ላይ አቁመን፣ ጨለማ እስኪሆን ጠብቀን፣ በባትሪ ብርሃን ጎማ አስለወጥሁት። መጀመሪያ አርባ ደቂቃ ፈጀበት። እንደገና አስፈታሁት፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። በሦስተኛው «አባዬ፣ ይበቃል፤ ሁሉም አለኝ እኮ» አለኝ።

«አለኝ» ሲል ሰማሁት። አንድ ጊዜ ደግሞ አስፈታሁት።