«ሻል»፦ ዕዳ፣ ትእዛዝ ወይስ ምክር?

በእንግሊዝኛ በተጻፉ ሕጎችና ውሎች ውስጥ «ሻል» የተሰኘውን ረዳት ግሥ ያህል የሚደጋገም ቃል ጥቂት ነው። አጭርና ተራ በመሆኑ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው ያልፈዋል። ሆኖም ግዴታና ፈቃድ፣ ትእዛዝና ትንቢት የተደባለቁበት ይህ ቃል በፍርድ ቤትም ሆነ በመንግሥታት ጉባኤ ከባድ ውጤት ሲያስከትል ኖሯል። ታሪኩ ሕግ ለሚያረቅና ለሚተረጉም ሁሉ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ባጭሩ መመልከቱ ይጠቅማል።

የቃሉ ጥንተ ትርጉም ዕዳ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «አለብኝ፣ ባለዕዳ ነኝ» ማለት ነበር። በጀርመንኛ ዕዳንም በደልንም የሚያመለክተው «ሹልት» የተባለው ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ከግዴታ አልፎ መጪውን ጊዜ አመልካች ሆነ። «ዊል» ደግሞ ከፈቃድ ተነሥቶ እዚያው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1653 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ዋሊስ በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሁለቱን ለመለየት ደንብ አወጣ። በአንደኛ መደብ «ሻል» ተራ ትንቢት፣ «ዊል» ቃል ኪዳን ወይም ዛቻ ሲሆን፣ በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ ግን ነገሩ ይገለበጣል አለ። ሕግ አዘውትሮ የሚናገረው በሦስተኛ መደብ ስለሆነ፣ በዚህ ደንብ መሠረት በሕግ ውስጥ የሚገኘው «ሻል» ጽኑ ትእዛዝ መሆኑ ባላጠራጠረም ነበር። ዳኞች የደረሱበት ግን ሌላ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1877 በሰጠው ውሳኔ፣ ተቃራኒው ሐሳብ በግልጽ ካልታየ በቀር፣ መንግሥትን በሚመለከት ሕግ ውስጥ «ሻል» እንደ «ይችላል» ይነበባል ሲል ተረጎመ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት የሕግ ጸሐፊዎች ቃሉን አንዳንድ ጊዜ «ይገባል»፣ አንዳንድ ጊዜም «ይችላል» ለማለት እንደሚጠቀሙበት አስገነዘበ።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በኮሎራዶ ግዛት በካስል ሮክ ከተማ ትኖር የነበረች አንዲት እናት ተለይቷት ከነበረው ባሏ የሚጠብቃት የፍርድ ቤት እገዳ ነበራት። ፖሊስ እገዳውን የሚጥሰውን ሰው እንዲይዝ ሕጉ ያዘዘው በ«ሻል» ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 ሰውየው ሦስት ሴት ልጆቿን ወሰደ። እናቲቱ ለፖሊስ ደጋግማ ብትደውልና ጣቢያው ድረስ ብትሄድም እርምጃ አልተወሰደም። ሊነጋጋ ሲል ሰውየው ወደ ጣቢያው መጥቶ ተኩስ ከፈተና ተገደለ፤ ሦስቱ ልጆችም በመኪናው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በ7 ድምፅ ለ2 የሕጉ «ሻል» ፖሊስን ያለ አማራጭ የሚያስገድድ አይደለም፤ ቢያስገድድ እንኳ እናቲቱ በግሏ የምትጠይቀው መብት አይሰጣትም ሲል ፈረደ። የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ግን እ.ኤ.አ. በ2011 መብቷ ተጥሷል ብሎ ወሰነ።

አንዳንድ አገሮች ቃሉን ከነአሻሚነቱ ትተውታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የደቡብ አፍሪካ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ውስጥ የነበረው «ሻል» በ1996ቱ ሕገ መንግሥት በ«መስት» ተተካ። በአሜሪካም የፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ መልክ ሲጻፍ ቃሉ በ«መስት»፣ በ«ሜይ» ወይም በ«ሹድ» ተለወጠ። ይሁን እንጂ የደንቡን 56ኛ ቁጥር «ሹድ» ማድረጉ ትርጉሙን አዛባ ስለተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሻል» ወደዚያ ቦታ ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 በፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት ሊጸድቅ ሲል፣ ያደጉት አገሮች የበካይ ጋዝ ልቀታቸውን በመቀነስ ግንባር ቀደም ሆነው እንዲቀጥሉ የሚጠይቀው ዐረፍተ ነገር በ«ሻል» ተጽፎ ተገኘ። ይህ ሕጋዊ ግዴታ ከሆነ ስምምነቱ ለሴኔት መቅረብ ሊኖርበት ነውና የአሜሪካ ልዑካን አንቀበልም አሉ። ቃሉ እንደ ጽሑፍ ስሕተት እርማት ተቆጥሮ በ«ሹድ» ተተካ፤ ግዴታው ወደ ምክር ዝቅ አለ፤ ስምምነቱም በዚያው ምሽት ጸደቀ።

በአገራችን ሕግ በ1934 ዓ.ም. መውጣት ከጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ወዲህ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ106ኛው አንቀጹ የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና የሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ነው። እንግሊዝኛው በአንድ «ሻል» የሚያልፈውን አማርኛው «ይሆናል»፣ «አለበት»፣ «ይገባል» እያለ መለየት ግድ ይሆንበታል። በተለይ «አለበት» ልብ ሊባል የሚገባው ነው። «መቶ ብር አለበት» ስንል ዕዳን፣ «መክፈል አለበት» ስንል ግዴታን እንናገራለን፤ እንግሊዝኛው የረሳውን ዝምድና አማርኛ ዛሬም ይዞታል። ዕዳ ደግሞ ያለ ባለገንዘብ አይኖርም። ስለዚህ ግዴታ የሚጽፍ ሰው ማን እንዳለበት ብቻ ሳይሆን፣ ለማን እንዳለበትና ባይከፍል ማን ሊጠይቀው እንደሚችል አብሮ መጻፍ ይኖርበታል። የካስል ሮኳ እናት የተነፈገችው ይህንኑ የጠያቂነት መብት ነው።