የቶዮታ የአቅራቢዎች ትስስር

የቶዮታ የአቅራቢዎች ትስስር የጃፓኑ መኪና አምራች ቶዮታ የመኪና ክፍሎችን ከሚሠሩለት ኩባንያዎች ጋር የሚተባበርበት የንግድ ትስስር ነው። ቶዮታ በአንዳንዶቹ ውስጥ አክሲዮን ቢኖረውም፣ አባላቱ ራሳቸውን የቻሉ ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ ትስስሩ የሚመራው በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በረጅም ጊዜ ግንኙነት፣ እውቀትን በመካፈልና በመተማመን ነው።

አሠራር

ክዮሆካይ የተባለው የአቅራቢዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። አባላቱ እየተሰበሰቡ ስለ ጥራት፣ ስለ ወጪና ስለ ደኅንነት ይመክራሉ። ከዚህ ሌላ ጂሹከን የሚባሉ ትናንሽ የጥናት ቡድኖች አሉ። የቡድኑ አባላት ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ፋብሪካ እየጎበኙ ችግሩን በጋራ ይፈታሉ። ምስጢር እንዳይወጣ ስጋት እንዳይፈጠር፣ በቀጥታ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች በአንድ ቡድን ውስጥ አይመደቡም። ቶዮታም ባለሙያዎቹን ወደ አቅራቢዎቹ ልኮ አሠራራቸውን እንዲያሻሽሉ ይረዳል።

የ1997 ቃጠሎ

እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1997 ካሪያ ከተማ የሚገኘው የአይሲን ሴይኪ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው ወደ ኋላ ጎማዎች ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚቆጣጠር ትንሽ ቫልቭ ይሠራ ነበር፤ ለቶዮታ ከሞላ ጎደል ብቸኛው አቅራቢም እሱ ነበር። ቶዮታ ዕቃ የሚቀበለው በሚያስፈልግበት ሰዓት ስለሆነ በቂ ክምችት አልነበረውም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በጃፓን ያሉት አብዛኞቹ የመገጣጠሚያ መስመሮቹ ቆሙ።

አይሲን የቫልቩን ንድፍ ለሌሎች ኩባንያዎች አደለ። ወደ 200 የሚጠጉ ድርጅቶች በሥራው ተሳተፉ። ከነዚህ አንዱ በልብስ ስፌት መኪና የሚታወቀው ብራዘር ነበር። ሥራው የተጀመረው ስለ ዋጋ ውል ሳይፈረም ነው። ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ምርቱ ወደ ቀድሞው መጠን ተቃረበ። ቶዮታም በኋላ ለዋና አቅራቢዎቹ የምስጋና ክፍያ ሰጠ።

ጥንካሬውና ድክመቱ

ቃጠሎው የትስስሩን ሁለት ገጽታ አሳይቷል። በአንድ አቅራቢ ላይ መመካት ሥራውን ሁሉ ሊያቆም ይችላል፤ ቀድሞ የተገነባ መተማመን ደግሞ ከችግሩ በፍጥነት ለመውጣት ይረዳል። ከ2011 የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቶዮታ የአቅራቢዎቹን አቅራቢዎች ጭምር መመዝገብ ጀመረ። በሌላ በኩል ዋጋ እንዲቀንሱ በየጊዜው መጠየቃቸው ትናንሽ አቅራቢዎችን ያስጨንቃል የሚል ትችት ይቀርብበታል።